በየገጹ ማኅተም

ማኅተም የሚወድ ሰው አልወድም። ዕቃውን ማለቴ አይደለም። ከኪሱ ሲያወጣው ፊቱ የሚለወጠውን፣ ጎማው ላይ ትንፋሹን "ሃህ" ብሎ የሚለቀውን፣ ከመታ በኋላ አንገቱን ዘንበል አድርጎ የገዛ ሥራውን የሚያደንቀውን ሰው ማለቴ ነው። ካምፓላ ሳለሁ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አውቅ ነበር፤ የሐበሻ ማኅበራችን ጸሐፊ ነበር። የመጀመሪያ መጽሐፌን ገቢ ያስበላው እሱ ነው። ሌባ ግን አልነበረም። ሌባ ቢሆን ትንሽ አከብረው ነበር፤ ሌባ ቢያንስ የሚያደርገውን ያውቃል።

ያኔ ከተማው ውስጥ ከመብራት ይልቅ የጄኔሬተር ድምፅ ይበዛ ነበር። ካባላጋላ በሚገኝ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። የምኖረውም እዚያው፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለው ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በሽንኩርት ጆንያና በቢራ ሳጥን መካከል ነው። አልጋ ነበረኝ። በርም ነበረኝ፤ መቀርቀሪያው ግን በውጭ በኩል ነው። ሽንኩርት የፈለገ ይገባል፣ ዘይት የፈለገ ይገባል፣ የባለቤቱ ሚስት ደግሞ ምንም ሳትፈልግ ትገባለች። ልብስ ስቀይር በሩን በርግዳ ትገባና እኔ ስሸማቀቅ፣ "ኧረ እኔ ነኝ! ምን ያስደነግጥሻል?" ትለኛለች። የሚያስደነግጠኝ እሷ መሆኗን ልነግራት ብዙ ጊዜ አስቤ ተውኩት። እንጀራዬ እዚያ ቤት ነበረች።

ታዲያ አንድ ቀን ንሳምብያ፣ ከሆስፒታሉ ዝቅ ብሎ አንዲት ክፍል አገኘሁ። ባለቤቷ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት፤ ሠፈሩ ሁሉ ጃጃ፣ አያቴ እንደማለት፣ ይላታል፤ እኔም ጃጃ አልኳት። ክፍሏ አንድ መስኮት አላት፣ መስኮቱ የጃጃን የማቶኬ፣ ተቀቅሎ የሚበላ ሙዝ፣ ተክል ያሳያል። እኔ ግን መስኮቱን ብዙም አላየሁትም። ያየሁት የበሩን ቁልፍ ነው፤ ከውስጥ የሚዞር ቁልፍ። ጃጃ የሦስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ትፈልግ ነበር። "እስከ ገና እጠብቅሻለሁ፣ ከገና በኋላ የወንድሜ ልጅ ይገባበታል" አለችኝ። ከደመወዜ ላይ ምግብና መኝታ ይቆረጥብኝ ስለነበር የሦስት ወር ኪራይ በዚያ መንገድ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ይመጣል ብዬ ያሰብኩት ከመጽሐፌ ነበር።

መጽሐፉን የጻፍኩት ገንዘብ መቀበያው ጋ ተቀምጬ፣ በደንበኛና በደንበኛ መካከል ነው። ስለ እኛው ነው፤ ካምፓላ ስለምንኖር ሐበሾች። ኦዊኖ ገበያ ሄደን ለአንድ አሮጌ ጃኬት ግማሽ ቀን እንዴት እንደምንከራከር፣ ቦዳ፣ የሞተር ብስክሌት ታክሲ፣ ላይ ተቀምጠን ለነጂው እንዴት በአማርኛ እንደምንጮህበት፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጫማ ማስቀመጫ እንዴት ሁለት ጎራ እንደተከፈልን። መጽሐፉ ክፋት አለበት፤ አልክድም። ሰው ግን እየሳቀ የሚያነበው ዓይነት ክፋት ነው። አንድ ከአውሮፓ የመጣ ደንበኛ ጥቂት ገጽ አንብቦ ሲስቅ የያዘው ቢራ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ። ውጭ አገር መጽሐፍ በኢንተርኔት የሚሸጥ ድርጅት እንዳለ የነገረኝም እሱ ነው። ፋይሉን ትልኪያለሽ፣ ስቶክሆልም ያለ ሐበሻ በካርዱ ከፍሎ ይወስደዋል፣ ከመቶ ሰባው ያንቺ ነው አለኝ። ማተሚያ ቤት የለ፣ ወረቀት የለ፣ ሱቅ ለሱቅ መዞር የለ።

የጎደለኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የባንክ ሒሳብ። ድርጅቱ ገንዘብ የሚልከው በባንክ ነው፣ የስደተኛ ወረቀት ይዛ በዶላር ሒሳብ ልክፈት ያለችን ሴት ደግሞ ባንኮቹ በትሕትና ይሸኟታል። የምግብ ቤቱ ባለቤት ግን የዶላር ሒሳብ ነበረው። የማኅበሩ ሊቀመንበርም እሱ ነበር። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ሄጄ ጠየቅሁት።

"ሒሳቤን ልስጥሽ፣ ምን ችግር አለው" አለኝ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ። "ግን የኔ ስም የሚነካበት ጉዳይ ስለሆነ ኮሚቴው ይየው።"

"ጋሼ፣ ኮሚቴው ምኑን ነው የሚያየው? ሒሳብ ቁጥር እኮ ነው የምፈልገው።"

"ይየው አልኩሽ።"

ኮሚቴው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በምግብ ቤቱ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ይሰበሰብ ነበር። አምስት ወንዶች ናቸው። የሚሰበሰቡበትን ምክንያት ሁልጊዜ አላስታውስም፤ ቢራው ግን በሊቀመንበሩ ነበር። መጽሐፌን አትሜ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩላቸው። አንዱም አልከፈተውም። አንደኛው በእጁ መዘን አድርጎ "ደህና ነው" አለ፣ ሌላው የቢራውን ብርጭቆ አስቀመጠበት። ከዚያ ስለ ስርቆት ማውራት ጀመሩ። ሰው እየገለበጠ ቢያሰራጨውስ? አንዱ ገዝቶ ለመቶ ሰው ቢልክስ? ያላነበቡትን መጽሐፍ ሌላው ዓለም ሊሰርቀው እንዴት እንደሚሻማ ሲጨነቁ አንድ ሰዓት አለፈ።

ጸሐፊው ያን ጊዜ ብድግ አለ። ቀጭን፣ ሁልጊዜ ክራባት የሚያስር፣ በንጉሡ ዘመን ፖስታ ቤት ሠርቻለሁ የሚል ሰው ነው። እጁን ወደ ውስጥ ኪሱ ሰደደ። ማኅተሙን በንጹሕ ካልሲ ጠቅልሎ ነበር የሚይዘው፤ ማታ ማታም ይዞት ይገባል ይባላል። ከካልሲው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አቆመው።

"ክቡር ሊቀመንበር፣ መፍትሔው ቀላል ነው" አለ። "በየገጹ ማኅተም።"

አጨበጨቡ። እውነቴን ነው፣ አጨበጨቡ።

እኔ የድርጅቱን ውል በእጄ ይዤ ነበር። እንግሊዝኛው ውስጥ አንድ አንቀጽ ከንክኖኝ ስለነበር እጄን አወጣሁ። "ከደራሲው ድርሻ ላይ የማድረሻ ዋጋ እንደ ፋይሉ መጠን ይቀነሳል ይላል። በየገጹ ማኅተም ከመታን ገጹን ፎቶ ማንሳት ሊኖርብን ነው፤ ፋይሉ አይተልቅም?" አልኩ።

ጸሐፊው በአዘኔታ አየኝ። "እህቴ፣ ማድረሻ ለወረቀት ነው። ፖስታ ቤት ስንት ዘመን የመዘንኩት እኔ ነኝ። ይሄ በአየር የሚሄድ ነው። አየር ምን ይመዝናል?"

አምስቱም ሳቁ። ሊቀመንበሩ "እሷ እኮ ገንዘብ ከመቁጠር ሌላ..." ብሎ ሳይጨርሰው ቀረ። ሒሳቡ የእሱ ነው፣ ክፍሉ የጃጃ ነው፣ ገና ደግሞ እየቀረበ ነው። ዝም አልኩ።

ማኅተም የተመታበት ቀን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። እኔ ገጽ እገልጣለሁ፣ እሱ ይመታል። መቶ አርባ ገጽ ነው። ማኅተሙ ክብ ነው፣ ሐምራዊ፣ መካከሉ ላይ ሁለት የተጨባበጡ እጆች አሉት፤ እጆቹ ከሩቁ የሚታገሉ ይመስላሉ። ዳር ላይ፣ ባዶው ቦታ ላይ እንዲያደርገው ለመንኩት።

"ዳር ከሆነ ቆርጠው ያወጡታል" አለ። "መሐል ላይ ነው የሚደረግ።"

መሐል ላይ አደረገው። ጫማ አስቀማጩ ሽማግሌ ዲያቆኑን የሰደበበት ዓረፍተ ነገር ላይ፣ ቦዳ ነጂው በመጨረሻ የሚመልሳት አንድ ቃል ላይ፣ ሳቁ ያለባት ቦታ ሁሉ ላይ። ቀለሙ ሲያልቅ ሥራው ተቋርጦ ጸሐፊው ሄዶ እስኪገዛ ጠበቅን። ሲመለስ ግንባሩ ላይ ላብ ነበር፣ ደስታውም አይነገር። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ማኅተሙ ሲያልቅ ደግሞ የስም ማኅተሙን፣ ቲተሩን፣ ከግርጌ መምታት ያዘ።

መግቢያውን ሊቀመንበሩ "ጻፈው"። ማለትም እኔ ጻፍኩት፣ እሱ ፈረመበት። ግራጫ ሱፍ ለብሶ ከምግብ ቤቱ ማቀዝቀዣ አጠገብ የተነሣው ፎቶ ሙሉ ገጽ ያዘ። ከዚያ ሁላችንም ኢንተርኔት ቤት ሄድን። እዚያ የምትሠራው ልጅ ገጾቹን በማሽን ልታነሣ ስትል በቀለም ነው ወይስ በጥቁርና ነጭ ብላ ጠየቀች።

"በቀለም!" አለ ጸሐፊው። "ጥቁር ማኅተም ኮፒ ነው። ኮፒ ማን ያምናል?"

ይህን አገራችን ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ቀበሌ ሄዶ ጥቁር ማኅተም ያለበት ወረቀት ያቀረበ ሰው "ዋናውን አምጣ" ተብሎ ተመልሷል። ሐምራዊው ቀለም እውነተኛ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው። ግን ይሄ ቀበሌ አይደለም፣ ይሄ ስቶክሆልም ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊስቅ የፈለገ ሰው ነው። እሱ ዋናውን አምጡ አላለም። ይህንን ለጸሐፊው ማስረዳት ለድንጋይ ማስረዳት ነበር።

ፋይሉ ሠላሳ ሦስት ሜጋ ሆነ። መላኩ አንድ ሙሉ ከሰዓት በላ፤ ግማሽ ይደርስና መብራት ይሄዳል፣ ጄኔሬተሩ ይነሣል፣ ከሀ እንጀምራለን። ሊቀመንበሩ "ሠላሳ ሦስት!" እያለ ለደንበኛ ሁሉ ያወራ ነበር፤ መጠኑ ትልቅ መሆኑ የመጽሐፉ ክብር መሰለው። አየር አይመዝንም ያለውም ሰው አጠገቡ ቆሞ ራሱን በኩራት ይነቀንቃል።

መጽሐፉ ተሸጠ። ያልጠበቅሁት ይሄ ነው። ከአውሮፓ የመጣው ደንበኛዬ ለወዳጆቹ ነግሮ ኖሯል፣ እነሱም ለሌሎች ነገሩ። ወሩ ሲያልቅ የሽያጭ መግለጫው መጣ። ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ስከፍተው ከአርባ በላይ ሰው ገዝቷል። ስለ ጃጃ ክፍል መስኮት መጋረጃ ማሰብ ጀመርኩ። ከዚያ ወደ ቀኝ አነበብኩ። ዋጋው አራት ዶላር ነው፣ የእኔ ድርሻ ሁለት ከሰማንያ ነው፣ ደህና። ቀጥሎ ማድረሻ የሚል ዓምድ አለ፤ ለእያንዳንዱ ሜጋ ስምንት ሳንቲም። ሠላሳ ሦስት ጊዜ ስምንት፣ ሁለት ዶላር ከስልሳ አራት። ከአንድ መጽሐፍ የተረፈኝ አንድ ሮሌክስ እንኳ፣ እንቁላል በቻፓቲ የተጠቀለለ የመንገድ ዳር ምግብ፣ አይገዛም። ድምሩ ደግሞ ድርጅቱ በባንክ ሊልከው ከሚገባው ዝቅተኛ መጠን በታች ስለሆነ ምንም አልተላከም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

አንዲት ሴት ከጀርመን ጽፋልኝ ነበር። መጽሐፉ እስኪወርድላት ጠዋት ጀምራ ምሳ እንደበላች ትናገርና፣ ወዲያው "እህቴ፣ ባክሽ ቦዳ ነጂው ምን ብሎ መለሰ? ማኅተሙ ሸፈነብኝ" ትላለች። ያን ደብዳቤ አንብቤ በንዴት ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስኩ፤ በሴትዮዋ ሳይሆን በራሴ ዝምታ ተናድጄ። እዚያው ኢንተርኔት ቤት፣ ሰው እያየኝ።

መግለጫውን ለኮሚቴው አቀረብኩ። ሊቀመንበሩ ዓምዶቹን በጣቱ ተከትሎ ፍርዱን ሰጠ፤ "ነጮቹ በሉሽ።" ጸሐፊው ያን ቀን ዓይኑ በራ። የተቃውሞ ደብዳቤ ይጻፍ አለ። ተጻፈ፤ "ጉዳዩ፦ ተገቢ ያልሆነ የማድረሻ ቅነሳን ይመለከታል" ብሎ ጀምሮ፣ በቁጥርና በቀን ተመዝግቦ፣ ማኅተም ተመቶበት፣ በቀለም ተነሥቶ ተላከ። መልሱ ሁለት መስመር ነበር። ውሉን ተመልከቱ፣ ፋይላችሁን ቀንሱ።

"ቀንሱ ብለዋል" አለ ጸሐፊው በሚቀጥለው ስብሰባ። "እንቀንሳለን። ገጽ እንቀንስ።"

መጀመሪያ የሚቀልድ መሰለኝ። አልቀለደም። ማንም ያላነበበውን መጽሐፍ በማውጫው ብቻ እያዩ ምዕራፍ መጣል ጀመሩ። የኦዊኖው ምዕራፍ "ስለ ልብስ ነው፣ ምን ያደርጋል" ተብሎ ወጣ። የጫማ ማስቀመጫው "ሰው ያስቀይማል" ተብሎ ወጣ። የቦዳውን በድምፅ ብልጫ ጣሉት። የሊቀመንበሩ መግቢያ ቀረ። ፎቶው ቀረ። ማኅተሙማ ሳይነሣ ቀረ። እንደዚያ ያለ ንቀት በሕይወቴ ተሰምቶኝ አያውቅም፤ አምስት ሰው ተሰብስቦ ከመጽሐፍ ላይ መጽሐፉን ሲያወጣ።

"የከበደው እኮ ጽሑፉ አይደለም" አልኩ። "ፊደል አይከብድም። የከበደው ማኅተሙ ነው። ማኅተሙ በቀለም እንዲታይ ገጹ ሁሉ ሥዕል ሆኗል፤ የሚያስከፍለን ሥዕሉ ነው።"

ጸሐፊው ከወንበሩ ተነሣ፣ ጠረጴዛውን ዞሮ አጠገቤ መጣ፣ እጄን ዘረጋና ማኅተሙን መዳፌ ላይ አኖረው። ትንሽ እንጨት ነው፤ ከነጎማው ከሽንኩርት ያነሰ።

"እስቲ አሁን ንገሪኝ፣ ይሄ ይከብዳል?" አለ።

"አይከብድም" አልኩ። ምን እላለሁ።

"ይመዝገብ" አለ ሊቀመንበሩ። "አይከብድም ብላለች።"

በማግሥቱ ሰኞ፣ ምሳ ካለቀ በኋላ ምግብ ቤቱ ጭር ሲል፣ መቀበያው ጋ ያለውን ኮምፒውተር ከፈትኩ። ያለ ማኅተም የጻፍኩት ዋናው ጽሑፍ እዚያ ነበር። የፈረንጆቹ ማሽን ፊደላችንን ባያውቀው በአራት ማዕዘን ሳጥን እንዳይሞላው ፊደሉን ራሱን ከፋይሉ ጋር አጣበቅሁት። ምዕራፎቹን ሁሉ መለስኩ። የሊቀመንበሩን ፎቶ ከነማቀዝቀዣው አወጣሁ። ፋይሉ ግማሽ ሜጋ አልሞላም። ኢንተርኔት ቤት ወስጄ በአሮጌው ፋንታ ስልከው፣ ያዘዝኩትን ሶዳ ከፍቼ ሳልጎነጭ መላኩ አለቀ። ለማንም አልነገርኩም። ለጀርመኗ ሴት ብቻ አዲሱን ላክሁላት።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ቀላል ነው። ያላወረዱት ሰዎች አወረዱት፣ ያነበቡትም ለሌላ ነገሩ፣ ማድረሻውም ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ከአምስት ሳንቲም በታች ወረደ። የሚቀጥለው መግለጫ ሲመጣ ሁለት ጊዜ አየሁት። የጃጃ ሦስት ወር እዚያ ውስጥ ነበር፤ አልፎም ነበር። ንሳምብያ ሄጄ "ከገና በፊት እመጣለሁ" አልኳት። "ሴንቴው ይቅደም፣ ከዚያ አንቺ" አለችኝና ሳቀች፤ ሴንቴ የምትለው ገንዘብ ነው።

ገንዘቡ የሊቀመንበሩ ሒሳብ ውስጥ እንደገባ ያወቅሁት ምግብ ቤቱ ውስጥ ወንበር ሲደረደር አይቼ ነው። ታኅሣሥ አጋማሽ፣ እሑድ ከሰዓት፣ አስቸኳይ ጠቅላላ ጉባኤ። ከኮሚቴው ሌላ ሃያ ሠላሳ ሰው መጥቶ ነበር። ሊቀመንበሩ ያንን ግራጫ ሱፍ ለብሷል። ተነሥቶ፣ ማኅበሩ የላከው የተቃውሞ ደብዳቤ ፍሬ ማፍራቱን፣ ድርጅቱም በማኅተማችን ፊት ማፈግፈጉን፣ የአንዲት እህታችን መብት መከበሩን አበሰረ። ጸሐፊው አጠገቡ ቆሞ ዕንባው ቀርቦ ነበር። ከዚያ ፖስታውን አወጡት። ክዳኑ ላይ ሁለት ማኅተም ነበረበት፤ አንድም ሳንቲም ግን አልጎደለበትም። ይህን እመሰክርላቸዋለሁ። ገንዘብ አልሰረቁኝም፤ ሊሰርቁ የሚችሉ ሰዎች አልነበሩም፤ የሚያምኑት በማኅተም ነበርና።

"በሉ እህታችን ደግሞ ጥቂት ትናገር" አለ ሊቀመንበሩ ፖስታውን እየሰጠኝ። "ማኅተማችንን አመስግኚ።"

ሁሉም ያየኛል። ፖስታውን ይዣለሁ። የማመስገኛዋ ነገር አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፤ ብላት በየወሩ በዚህ ሒሳብ ይመጣልኛል፣ ሥራዬም ይቀጥላል፣ ጸሐፊውም ደስ ይለዋል። ብዙ ሰው ይላታል። ጸሐፊው ራሱን ዘንበል አድርጎ፣ ገጽ ከመታ በኋላ እንደሚያደርገው፣ ይጠብቀኛል። ያ አንገቱ ነው ያናገረኝ።

"ማኅተሙን አውጥቼዋለሁ" አልኩ።

"ከምኑ?"

"ከመጽሐፉ። ከሁሉም ገጽ። ፎቶዎንም አውጥቼዋለሁ ጋሼ። ፋይሉ ቀለለ፣ ማድረሻው ወረደ፣ ገንዘቡ የመጣው በዚያ ነው። ደብዳቤያችሁን ማንም ከቁም ነገር አልጣፈውም።"

ጸሐፊው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። "ያለ ማኅተም ገዙት?" አለ። ድምፁ የሚያሳዝን ነበር፤ እኔ ግን አላዘንኩለትም፤ ዛሬም አላዝንለትም። የሚያሳዝነው መጽሐፉ ነው፣ እሱማ የሚቀመጥበት ወንበር አገኘ።

"ያለ ማኅተም ገዙት" አልኩት። "ሳቁበትም።"

ሊቀመንበሩ ፊቱ ጠቆረ። በሰው ፊት እንዲህ ተነግሮት አያውቅም። "ፖስታውን አስቀምጪ" አለኝ። "ኮሚቴው እስኪወስን ድረስ። ወይ ማኅተሙም ፎቶውም ይመለሳሉ፣ ወይ በኔ ሒሳብ ያንቺ ገንዘብ ሁለተኛ አይወጣም።"

ፖስታውን ከክዳኑ በኩል፣ ማኅተሙ መሐል ለመሐል ቀደድኩት። ከሕዝቡ መካከል አንድ ሰው "ኧረ በእመቤቴ!" ሲል ሰማሁ፤ ሰው የገደልኩ ይመስል። ገንዘቡን አውጥቼ ደረቴ ውስጥ ከተትኩ፣ የተቀደደውን ፖስታ ከነሐምራዊ ክቡ ጸሐፊው ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

"ማኅተሙ ይኸው፣ የእናንተ ነው" አልኩ። "ከዚህ በኋላ የሚመጣው ገንዘብም የእናንተ ይሁን። ለማኅተሙ ቀለም ግዙበት።"

ያን ያልኩት በንዴት ነው፤ የምሬን ግን ነው። መጽሐፉ ለዓመታት ተሸጧል፣ ገንዘቡም እዚያ ሒሳብ ገብቷል፤ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ለድርጅቱ የምሰጠው ሌላ ሒሳብ ባገኝ እንኳ ለማዛወር እንደገና ከኮሚቴው ሰዎች ጋር መጻጻፍ ሊኖርብኝ ነው። ከነገሩ ጦም እደሩ። ሥራዬም ያኔውኑ አለቀ። ዕቃ ቤቱ ገብቼ ልብሴን በአንድ ሻንጣ ስከት የሊቀመንበሩ ሚስት እንደ ልማዷ ዘው ብላ ገባች። "ምን ሆነሽ ነው?" ስትለኝ ሻንጣዬን ዘግቼ አልፌያት ወጣሁ። ሰኞ ምን እንደምበላ አላውቅም ነበር።

ቦዳ ይዤ ንሳምብያ ወጣሁ፤ ሻንጣዬን ነጂው ከፊቱ አድርጎ። ጃጃ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ማቶኬ ትልጥ ነበር። ገንዘቡን ሰጠኋት፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችኝ፣ ቁልፉን ሰጠችኝ። ክፍሉ ባዶ ነበር። ፍራሽ አልነበረኝም፣ ወንበር አልነበረኝም፤ አዲስ ቀለም ይሸታል። ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ቁልፉን ከውስጥ አዞርኩትና ሲሚንቶው ላይ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ምንም አላሰብኩም። ስለ እነሱ እንኳ አላሰብኩም፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ።

ትንሽ ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። ጃጃ ናት፤ በሰሐን ትኩስ ማቶኬ ይዛ እንደመጣች ሽታው ነገረኝ። ልነሣ ብዬ ተውኩት። እዚያው ተቀምጬ፣ ጃጃ አማርኛ እንደማታውቅ እያወቅሁ፣ "ማነው?" አልኩ። ዕቃ ቤቱ ውስጥ በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ይህን ጠይቄ አላውቅም ነበር፤ የምጠይቀው ሰው ሁልጊዜ ገብቶ ነው የሚገኘው። ጃጃ በሉጋንዳ አንድ ነገር ብላ፣ በሩን ሳትነካ ውጭ ቆማ ጠበቀች። እኔም እንደገና፣ ጮክ አድርጌ፣ "ማነው?" አልኩ።